በአንቀጽ ስድስት መሠረት አባት ማነው?

የፈተና ሳምንት ሲደርስ ነቀምቴ ውስጥ የሚታመመው ሰው ብዛት! ሰኞ ማታ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያሳድድ በዓይኔ ያየሁት ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ወገቡን ይዞ ቢሮዬ በር ላይ ይቆማል። «ቲቸር፣ አሞኝ ነበር።» ምንህን? «ሁሉንም።» እንግዲህ ሁሉንም ላመመው ሰው ምን ትሉታላችሁ?

እዚህ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ስሙን አልጠራም፣ ገና እንጀራዬ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ነቀምቴ ስመደብ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፣ ይኸው ስምንተኛዬን ይዣለሁ። ኦሮምኛዬ ለገበያ ይበቃል። ለነገሩ ገበያ ላይ እኔ በኦሮምኛ ስጠይቅ በአማርኛ ይመልሱልኛል፣ በአማርኛ ስጠይቅ ደግሞ በኦሮምኛ። ቲማቲሙ ግን በሁለቱም ቋንቋ ቤቴ ይደርሳል።

ወደ በሽተኞቼ ልመለስ። አንዱ ከሰዓት በኋላ የሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ። ጽሑፉ እንደ ሐኪም ጽሑፍ ነው፣ ማለትም አይነበብም። ማኅተሙን ጠጋ ብዬ ሳየው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይላል። ወረቀቱን አየሁ፣ ልጁን አየሁ። «ይሄ ምንድነው?» አልኩት። «ቲቸር፣ ዋናው መዳኔ ነው» አይለኝ መሰላችሁ!

ሌላዋ ደግሞ ቢላ ከምትባለው ከተማ የምትመጣ ልጅ ናት። ለፈተና ስትመጣ መኪና ተበላሽቶባት ቀረች። ይሄን ምክንያት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ማስረጃ አምጪ አልኳት። በማግሥቱ ሾፌሩን ይዛው መጣች። ሰውየው ግራሶ በነካ እጁ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ የማርሹን ካምቢዮ ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኝ። መኪናው እንዴት እንዳጓራ በአፉ እያሰማኝ ጭምር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ! ፈተናውን የሰጠኋት አምኛት ይሁን ሾፌሩ እንዲወጣልኝ ብዬ እስካሁን አላውቅም። እውነቷን እንደነበር የሰማሁት ቆይቶ ነው። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ የሚዋሸው ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እውነተኛው ሾፌር ይዞ ሲመጣ እንደ ውሸታም ይታያል።

በዚህ ሁሉ ተቃጥዬ ሳለሁ ነው ዲናችን ዶክተር ገመቹ ለፈተና መቅረት ደንብ ይውጣ ያለው። ዶክተር ገመቹ ደግ ሰው ነው፣ ችግሩ ለማንም እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ እምቢ የሚልለት ወረቀት ፈለገ። «አንቺ አርቅቂው» አለኝ። እኔም እልሄን ሁሉ ይዤ ተቀመጥኩ። የታመመ የሐኪም ወረቀት ያምጣ፣ የሐኪሙ ታካሚዎች ሰው መሆናቸው ይረጋገጥ። ሐዘን የደረሰበት ደግሞ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ያመልክት። ማን ሲሞት? እዚህ ላይ ትንሽ ተከራከርን። ዶክተር ገመቹ አጎትም ይግባ አለ። «አጎት ካስገባን ወለጋ ውስጥ ፈተና የሚቀመጥ ሰው አናገኝም» ብዬ ዘጋሁት። አንቀጽ ስድስት ወጣ፦ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ። አለቀ። በራሴ እንዴት እንደኮራሁ ልነግራችሁ አልችልም። በዚያ ሴሚስተር በሽተኛው ሁሉ ዳነ።

ሰይድ ይማም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰይድ የአራተኛ ዓመት ተማሪዬ ነው። ዝምተኛ ነው፣ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፣ ካልጠየቁት አይናገርም። ለመመረቅ የቀረው የእኔ ፋይናል ብቻ ነበር። በፈተናው ቀን ወንበሩ ባዶ ነበር። በአምስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ቢሮዬ ገባ። ፀጉሩን ተላጭቷል፣ ዓይኑ ገብቷል።

«ቲቸር፣ አባቴ ሞተብኝ» አለኝ።

ነፍስ ይማር አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ ግን ያቺ ያረቀቅኳት ደንብ ከውስጤ ተነሥታ ቅጹን አቀበለችው። ሞላ። የሟች ስም፦ ቶላሳ ገመዳ። ዝምድና በሚለው ሥር «አባት» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ቅጹን አየሁት። የልጁ ስም ሰይድ ይማም። የአባቱ ስም ቶላሳ። እኔ ስታቲስቲክስ አስተማሪ ነኝ፣ የዘር ሐረግ ቆጣሪ አይደለሁም፣ ግን ይሄን ያህልማ ይገባኛል።

ኮሚቴው በማግሥቱ ተሰበሰበ። ሦስት ነን። ዶክተር ገመቹ ሰብሳቢ፣ እኔ የትምህርቱ መምህር፣ ሦስተኛው ሬጅስትራሩ ኦቦ ደረጄ። ኦቦ ደረጄ የተማሪውን ሁሉ ፋይል እንደ ሕፃን የሚያቅፉ ሰው ናቸው። ፋይሉን ገለጡ።

«አባትህ ይማም ነው የሚለው። በሕይወት የለም ይላል።»

«አዎ» አለ ሰይድ።

«መቼ ነው የሞተው?»

«የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ።»

«ታዲያ ባለፈው ሳምንት ማነው የሞተው?»

«አባቴ።»

ኦቦ ደረጄ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ሰው አባቱ ሁለት ጊዜ አይሞትበትም» አሉ።

ሰይድ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ ሞቶብኛል» አለ።

ከዚያ ታሪኩን ቀስ እያልን አወጣነው። አያቶቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ከዲጋ ወዲያ ወደ ዴዴሳ በሚወርደው በኩል የሰፈሩ ናቸው። አባቱም እናቱም በአንድ ክረምት በወባ አለቁ። ጎረቤታቸው ኦቦ ቶላሳ ገመዳና ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ልጅ አልነበራቸውም። ሕፃኑን ወሰዱት። በአገሩ ወግ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ልጃችን ነው ብለው። ኦቦ ቶላሳ ጴንጤ ናቸው፣ ልጁ ደግሞ የእስላም ልጅ። ታዲያ ምን አደረጉ? ለቤቱ የሚታረደውን ዶሮ ሳይቀር ሁልጊዜ እስላም ጎረቤት ጠርተው ነው የሚያሳርዱት፣ ልጁ ከእነሱ ጋር ከአንድ ትሪ እንዲበላ። ዓርብ ዓርብ መስጊድ ያደርሱትና ውጭ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።

«ስምህንስ ለምን አልቀየሩትም?» አለ ዶክተር ገመቹ። «በስማቸው ቢያስጠሩህ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።»

«ትምህርት ቤት ሲያስገቡኝ ጠይቀዋቸው ነበር» አለ ሰይድ። «የሞተ ሰው ስም ነጥቄ ምን ልሆን ነው? እሱ ልጁን አልጣለም፣ ሞቶ ነው አሉ።»

ይሄ ሰው ጨዋ ባይሆን ኖሮ ወረቀቱ ይሟላ ነበር ማለት ነው። አስቡት እስቲ! የሌላውን ስም የቀማ ሰው በአንቀጽ ስድስት አባት ይሆናል፣ ያከበረው ግን ጎረቤት ሆኖ ይቀራል። ማን ነው ያረቀቀው ይሄን ነገር? እኔ!

ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሰይድ ሁለተኛ ዓመት ላይ ኦቦ ቶላሳ እግራቸው ተሰብሮ እርሻውን ሊያርስላቸው ሲመላለስ ውጤቱ ወርዶበት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። አሁን ኤፍ ከገባበት ነጥቡ ከሁለት በታች ይሆናል። ከሁለት በታች ከሆነ ደግሞ ሊመረቅ አንድ ፈተና ሲቀረው ይባረራል። አዴ ጫልቱ ባላቸውን ቀብረው በሳምንቱ ልጃቸውም ተባሮ ይገባል። ይሄ ሁሉ በአንዲት ምልክት!

«የቀበሌ ደብዳቤ ያምጣ» አሉ ኦቦ ደረጄ። ፊታቸው ያዘነ ይመስላል፣ ግን ፋይል ፋይል ነው።

ሰይድ ሄደ። በማግሥቱ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቀበሌው ዝግ ነው። ለምን ዝግ ሆነ? ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም የኦቦ ቶላሳ ለቅሶ ላይ ናቸው! ድንኳኑ ሥር ከሰይድ ጎን ነው የተቀመጡት። ሊቀመንበሩ ለቅሶ የሚደርሰው የሰይድ አባት ስለሞተ ነው፣ የሰይድ አባት መሞቱን ግን ቢሮው እስኪከፈት መጻፍ አይችልም። እኔ እንግዲህ ራሴን ይዤ ልጩህ ወይስ ምን ላድርግ?

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ጥሩ ደብዳቤ ነው፣ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የሦስት ሽማግሌ ምስክር አለው። የተጻፈው በኦሮምኛ ነው። ኦቦ ደረጄ አነበቡት። ሆሮ ጉዱሩ ተወልደው ነቀምቴ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ሕልማቸውንም የሚያዩት በኦሮምኛ ይመስለኛል። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ መሐረቡን ኪሳቸው ከተው በአማርኛ እንዲህ አሉ፦

«ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይምጣ።»

«ኦቦ ደረጄ!» አልኩ። «አሁን አንብበው አለቀሱበት እኮ!»

«እኔማ ገብቶኛል» አሉ። «ፋይሉ ነው ያልገባው። የፋይሉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው።»

እኔ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። አየር ያስፈልገኝ ነበር።

ይሄን ጊዜ በሩ ተከፈተና አዴ ጫልቱ ገቡ። ልጃቸው ሦስት ቀን ሲመላለስ አይተው ከዲጋ ማዶ ተሳፍረው መጥተዋል። አጭር ሴት ናቸው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሰይድ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ አስቀመጣቸው። ሁላችንንም አንድ በአንድ ሰላም አሉን። ቤታችንን፣ ልጆቻችንን፣ ከብቶቻችንን ሳይቀር ጠየቁ። እኔ ከብት የለኝም፣ ደህና ናቸው ብዬ መለስኩ።

ዶክተር ገመቹ በትሕትና፣ «አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ለሥርዓቱ ያህል ነው የምንጠይቅዎት። ይሄ ልጅ የእርስዎ ልጅ ነው?» አላቸው።

አዴ ጫልቱ መጀመሪያ ያልሰሙ መስለው አዩት። ቀጥለው ወደ ሰይድ ዞረው በኦሮምኛ፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ነው የሚለው?» አሉት። ሰይድ አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ የማን ነው?» አሉ ወደ እኛ ተመልሰው፣ አሁን በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። «የእናንተ ነው? የእናንተ ከሆነ ወባ ሲይዘው የት ነበራችሁ? ሌሊቱን ሙሉ በጀርባው አዝሎ ዲጋ ጤና ጣቢያ ያደረሰው ማነው? ቶላሳ አይደለም? እናንተ ናችሁ?»

እኛ አይደለንም አልን። ሦስታችንም፣ እንደ ተማሪ።

«ሲሞት እጁን የያዘው ይሄ ነው። አፈር የመለሰበት ይሄ ነው። ሰው ሁሉ መጥቶ ያጽናናው ይሄን ነው። አገር የሚያውቀው ነገር እናንተ ተምራችሁ እንዴት ጠፋችሁ?»

ደንቡን አውጥቼ አየሁት። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ «አንቀጽ ስድስት አባት ይላል እንጂ የወለደ አባት አይልም» አልኩ።

ዶክተር ገመቹ አየኝ። «አርቃቂው እንደዚያ ለማለት ፈልጎ ነው?»

«አርቃቂው እኔ ነኝ» አልኩ። «አርቃቂው እንደዚያ ለማለት ፈልጎ አልነበረም። አሁን ግን ፈልጓል።»

ኦቦ ደረጄ ፋይሉን ዘጉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ለአማርኛው ያዋስነው እኛ ነን» አሉ። «አገሩ ሁሉ ቃላችንን ወስዶ እየሠራበት እኛ እዚህ ነቀምቴ ተቀምጠን አናውቀውም ብንል ነውር ነው።» ብዕራቸውን አንሥተው ደብዳቤው ጀርባ ላይ ራሳቸው በእንግሊዝኛ ተረጎሙት። ሁለት መስመር ነው የፈጀው። ሦስት ቀን ያስጮኸን ሁለት መስመር!

ሜካፕ፣ ማለትም ማካካሻ ፈተና ተፈቀደ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ፈታኝ፦ እኔ። አዴ ጫልቱ መርቀውን ሄዱ። እኔም ያን ዕለት ወደ ቤቴ ወደ በከኒሳ ቀሴ ስሄድ ራሴን እንደ ጥሩ ሰው ነበር የቆጠርኩት።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። ለእኔም ክብር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር ቤት ነበርኩ። እሑድ የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ስለነበር ሹሩባ ልሠራ ተቀምጫለሁ። ሠሪዋ ግማሽ ጭንቅላቴን ጨርሳ ወደ ሌላው ግማሽ ስትዞር ጎኔ ያለችው ሴት ለልጇ በስልክ፣ «ፈተናውን ጨረስክ?» አለች።

ፈተና!

ሰዓቴን አየሁ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ከወንበሩ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፣ ግማሹ ፀጉሬ እንደ ሠርግ እንግዳ የተሰናዳ፣ ግማሹ የቆመ። ባጃጅ ነጂው በመስተዋቱ ሦስት ጊዜ አየኝና ምንም ሳይል ነዳ።

ሰይድ የፈተናው ክፍል በር ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። እዚያው ተቀምጦ መጠበቅ ከጀመረ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረው። ሲያየኝ ብድግ አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፣ የለም።

«ቲቸር፣ ደህና ነዎት? ቤት ሰላም ነው?» አለኝ፣ ዓይኑን ከፀጉሬ እያሸሸ።

አሁን እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ረሳሁህ ማለት። ስንት ቃል ነው? አንድ! እዚያ የቆመው የተላጨ ልጅ ፊት ግን ሹሩባ ልሠራ ሄጄ ረሳሁህ የሚለው ከአፌ አልወጣ አለ። የወጣው ሌላ ነው።

«አክስቴ አርፋብኝ ነው» አልኩ።

አክስቴ የሺ ደብረ ብርሃን ናት፣ ደህና ናት፣ ከእኔ የተሻለ ጉልበት አላት። ሰይድ ግን ፊቱ ተለወጠ። ቲቸር ታዲያ ለምን መጡ አለኝ፣ ፈተናው ለሌላ ቀን ይሁን፣ ወደ ቤት ይግቡ አለኝ። እሱ ነው እንግዲህ የሚያጽናናኝ! በግድ ክፍል አስገብቼ ፈተናውን ሰጠሁት። እሱ ይሠራል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ፀጉሬን በነጠላ ሸፍኜ እቃጠላለሁ። ጥሩ ሠርቶ ነበር። ቢ አገኘ፣ በኋላም ተመረቀ፣ ይሄን ላስቀድምላችሁ።

እሑድ ከሰዓት ለሠርግ ተዘጋጅቼ፣ ቀሚሴን ለብሼ፣ ኩሌን ተኩዬ፣ ሁለተኛው ግማሽ ፀጉሬም አምሮ፣ በር ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አዴ ጫልቱ ናቸው። ከኋላቸው ሁለት የጎረቤት ሴቶች፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከሁሉም ኋላ ሰይድ። ለቅሶ ሊደርሱኝ ነው የመጡት። ከዲጋ ማዶ!

«ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ አዴ ጫልቱ አቅፈውኝ። ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ነው። የራሳቸው ሐዘን ገና አልወጣላቸውም። እንኳን የሐኪም ወረቀት፣ እንኳን የቀበሌ ደብዳቤ፣ አክስት በየትኛው አንቀጽ ትገባለች ብሎ የጠየቀ የለም።

ምን ላድርግ? አስገባኋቸው። ፍራሽ አውርጄ በሠርግ ቀሚስ ተቀመጥኩ። አዴ ጫልቱ ሹሩባዬን አዩት፣ ኩሌን አዩት፣ ከዚያ ለጎረቤቶቻቸው በሹክሹክታ፣ «ደንግጣ ነው፣ ምን እንደለበሰች አታውቅም» አሉላቸው። እኔ እሳት ላይ ተቀምጬ እንኳ እንደዚያ አልቃጠልም። ሽማግሌው ለአክስቴ ነፍስ ጸሎት ጀመሩ። ስሟን ጠየቁኝ። የሺ አልኩ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ፣ ሰይድ አጠገብ ነበር። ድምፁን ዘግቼ በንዝረት ብቻ ትቼዋለሁ፣ ግን መብራቱ ቦግ ሲል አየሁት። ሰይድም ዓይኑን ገልጦ አየ። «አክስቴ የሺ» የሚል በትልቁ ተጽፎ ይታያል። ልጁ ስልኩን ለአፍታ አየ፣ እኔን አላየኝም። እጁን ዘርግቶ ስልኩን በፊቱ ደፋው። ከዚያ ዓይኑን መልሶ ጨፈነ፣ ጸሎቱም ቀጠለ።

ሲሄዱ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። አዴ ጫልቱ አርባዋ መቼ እንደሆነ እንዳልረሳ ንገሪኝ፣ እመጣለሁ አሉኝ። ሰይድ ኋላ ቀረት ብሎ፣ እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ፣ በዝግታ እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸር፣ ሲመችዎት ይደውሉላቸው። ሦስቴ ጠርቷል።»